ሚዛን ብቻ አይፍረድብን



የሪያድን ሙቀት ሸሽተን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በዋዲ ሐኒፋ ዳር እንሮጣለን። ጮማና ስኳር ትተናል። ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። አገር ቤት «ወፈር አልክ» መባል ምስጋና ነበር፤ እዚህ እርስ በርስ መሰዳደቢያ አድርገነዋል። እራት እየዘለለ ክፍል ውስጥ ራሱን የሳተም ከመካከላችን አለ።

ሕክምና የምንማር ሁሉ እውነቱን የመናገር ግዴታ አለብን። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ 150 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል፤ ከቡና ጋር የምንቀምሳቸው ሦስት ትልልቅ ቴምሮች 200 ያህል ይመልሳሉ። ከዚህም በላይ ሰውነት ክብደት ሲቀንስ ረሃብ የመጣ መስሎት ወጪውን ይቆጥባል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ጥፋቱ የስንፍና አይደለም። ክብደት ባይቀንስም እንቅስቃሴ ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ይበጃል።

እንግዲህ ዘለፋው ይብቃ! ሩጫውን እንቀጥል፤ እራቱንም አብረን እንቁረስ።