የጃማይካ ባሕር ዳርቻ የማን ነው?





በዚህ ሰሞን ጂኦግራፊ ሳስተምር፥ በሚስዮን ትምህርት ቤት እንደ ተማርሁት፥ የጃማይካን ደሴት ውበት አብዝቼ አወደስሁ። በኦቾ ሪዮስ አጠገብ ያለው የደንስ ሪቨር ፏፏቴ 180 ሜትር ያህል በደረጃ በደረጃ እየወረደ ባሕር ይገባል፤ ጎብኚዎችም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሽቅብ ይወጡበታል። የብሉ ማውንቴን ጫፍ ደግሞ 2,256 ሜትር ከፍታ አለው፤ ተራሮቹም ከባርነት ያመለጡ ሰዎች መሸሸጊያ ነበሩ።

አንድ ተማሪ ተነሥቶ፥ «መምህር፥ የአገሩ ልጆችስ በዚያ ባሕር ይዋኛሉን?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ኋላ ስመረምር ነገሩ አሳዘነኝ። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም.፥ የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ ለሕዝቡ በዳርቻው የመዋኘት አጠቃላይ መብት አልሰጠውም። አገሪቱ በ1962 ነጻ ከወጣች በኋላም ሕጉ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጸንቶ ቆየ። ስለዚህ ብዙው መልካም አሸዋ በሆቴል አጥር ውስጥ ገባ።

ሆቴል አይሠራ አልልም፤ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነውና። ነገር ግን ከባርነት ያመለጡት ሰዎች የልጅ ልጅ በገዛ ባሕሩ ለመታጠብ ዘበኛ ማስፈቀዱ ፍርድ አይመስለኝም። ይህን ትምህርት የሚያስተምሩ ባልንጀሮቼም ከፏፏቴው ጋር ስለ አጥሩ ቢናገሩ እወዳለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር