ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ መዝገቡ የማን ነው?

የመራጮች መዝገብ የሚታወሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ ምርጫ ሲደርስና ውጤት ሲያጨቃጭቅ። ከዚያ በኋላ ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ ትውልድን ያከስራል።

የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 እና በ1860 ቆጠራዎች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በባርነት የነበሩ ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። በጌታቸው ስም ሥር ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ሰፈረ። ስለዚህ ዘሩን የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ እስከ 1870ው ቆጠራ ድረስ ሄዶ መንገዱ ይዘጋበታል። ከዚያ በፊት ግን በ1867 በወጣው ሕግ በአሥር የደቡብ ግዛቶች ጥቁር ወንዶች በመራጭነት ተመዝግበዋል። የቴክሳሱ መዝገብ ሰውየው በግዛቱ ስንት ዓመት እንደኖረና የት እንደተወለደ ጭምር ይናገራል። ለምርጫ የተጻፈች አንዲት መስመር፣ እንደ ዕቃ ይሸጥ የነበረን አያት በስሙ መለሰች።

መዝገቡ ጎዶሎ መሆኑ አይካድም። ሴቶች የሉበትም፤ የስም መመሳሰልም ያሳስታል። ስለዚህ ከሌሎች ሰነዶች ጋር ይመሳከራል እንጂ አይጣልም።

በኢትዮጵያ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላቸው ወንዶችም ሴቶችም የመምረጥ መብት ሰጥቷል። ዛሬ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ እያነሰ ነው፤ ልጁም ከተማ ወይም ባሕር ማዶ ነው። ሙሉ ስም ከነአያት የተጻፈበት መዝገብ ግን በአንድ መስመር ሦስት ትውልድ ይይዛል። በቃል የሚቆጠረው ሐረግ በአባት በኩል ሲወርድ እናቶችን ይዘላል። መራጭ ሆና የተመዘገበች ሴት ግን የእገሌ ሚስት ሳትሆን ከነአባቷና ከነአያቷ በራሷ ስም ቆማለች።

«በዚህ አገር የስም ዝርዝር ሰው ማደኛ ይሆናል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው። መፍትሔው ግን ማጥፋት አይደለም። አሜሪካ የቆጠራ መዝገቦቿን ለ72 ዓመታት ዘግታ ከዚያ ለሕዝብ ትከፍታለች። ሰነድ ከክፉ ሰው የሚጠበቀው በቁልፍ እንጂ በእሳት አይደለም።

እንግዲህ ምርጫ ቦርድም ቤተ መዛግብትም ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ የትኛው መዝገብ የት ይቀመጣል? ለስንት ዓመት ይዘጋል? መቼስ ይከፈታል? ይህ በሕግ ካልተወሰነ የልጅ ልጆች አያታቸውን የሚፈልጉት ከአመድ ውስጥ ነው።