ጀግና ነው፤ በምን ታወቀ?

ሰሞኑን ከመካከላችን የአንዷ ታናሽ ወንድም የቤት ሥራውን ይዞ መጣ። አምስተኛ ክፍል ነው። መምህሩ የአበበ ቢቂላን የሕይወት ታሪክ በአንድ ገጽ አባዝተው ሰጥተዋቸው «አበበ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብለው ጠይቀዋል። የልጁ መልስ ይህ ነው፦ አበበ ጀግና ነው። ጎበዝ ነው። አገሩን ይወዳል። እኛም እንደ እሱ መሆን አለብን። አሥር ከአሥር አግኝቶበታል።

«ጀግና መሆኑን በምን አወቅህ?» አልነው። ግራ ተጋብቶ አየን። «ቲቸር ናቸው ያሉት» አለ።

አልሳቅንበትም፤ ምክንያቱም ያየነው ራሳችንን ነው። እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው። የሕይወት ታሪክ ጻፉ ስንባል የትውልድ ዘመን፣ የትውልድ ቦታ፣ ከዚያ በኋላ የሙገሳ መዓት እንደረድራለን። «ይህን ከየት አመጣችሁት?» የሚል ጥያቄ በቁም ነገር የገጠመን ጋዜጠኝነት ልንማር ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ የመጀመሪያው ዜናችን በቀይ እስክርቢቶ ተዥጎርጉሮ ሲመለስልን ነው። ለአንድ ጥያቄ ይህን ያህል ዓመት መጠበቅ ነበረብን እንዴ?

እስቲ ያንኑ ገጽ ይዘን ልጁን እንቀመጥ። ደብተሩን በመስመር ለሁለት ይክፈለው። በግራ በኩል «አበበ ምን አደረገ?» በቀኝ በኩል «ይህ ምን ያሳያል?» ይበል። ከዚያ ያንብብ። አበበ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ከመሮጡ ጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። እንዲያም ሆኖ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሶ አሸነፈ፤ መጨረሻውን ካለፈ በኋላም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። ይህን በግራ ይጻፍ። አሁን በቀኝ «ጽኑ ነው» ቢል ቃሉ ባለቤት አገኘ ማለት ነው።

ወደ ሮም እንመለስ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። አበበ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ወርቁን ወሰደ። ልጁን «ለምን በባዶ እግሩ ሮጠ?» ስንለው ቶሎ ብሎ «ድሃ ስለነበር ጫማ መግዛት አቅቶት» አለ። ገጹ ግን እንዲህ አይልም። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያሠለጥነው ነበር፤ ሮም ላይ የሞከረው አዲስ ጫማ ስላልተመቸውና በባዶ እግር መሮጥ ስለለመደ ነው ጫማውን የተወው። ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ ነው ያሸነፈው። ልጁ ላጲሱን አነሳ። እኛ ደስ ያለን እዚህ ላይ ነው። ማስረጃ መሰብሰብ ማለት አስቀድመን ላሰብነው ነገር ድጋፍ መልቀም ብቻ አይደለም፤ ያሰብነው ሲፈርስ ማየትንም ይጨምራል።

«ልጆች እንዲህ ሲመረምሩ ለጀግኖቻቸው ያላቸው ክብር ይቀንሳል» የሚሉን አሉ። አይመስለንም። አበበ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩን ታምሞ አቋርጦ ወጣ፤ ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነበር። በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ሽንፈቱን ደብቀን ብንነግራቸው ይህ የመጨረሻው ነገር ምን ክብደት ይኖረው ነበር?

መምህራን ክፍሉ ሞልቷል፣ መጽሐፍ የለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ይህ ግን አንድ ገጽና አንድ መስመር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ አንዱን ገጽ አምስት ልጆች ሊጋሩት ይችላሉ። ማርክ ሲሰጡም «ጀግና ነው» ከሚለው አጠገብ «በምን ታወቀ?» ብሎ መጻፍ ወጪ የለውም። ዛሬ በየስልኩ እገሌ ጀግና፣ እገሌ ከሃዲ የሚል ወሬ ሳናጣራ የምንቀባበለው ያኔ አሥር ከአሥር ያገኘነው ልጆች ነንና።

ልጁ የቤት ሥራውን እንደገና ጻፈው። በማግስቱ ማታ እራት ላይ እህቱ ስለ አንዲት ጎረቤት «ኩሩ ናት» ብትል ቀና ብሎ «በምን አወቅሽ?» አላት። መልስ አልነበራትም።