የማሩ ሰነድ የት አለ?



ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ከጀመዓችን አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ እጄን ሳመኝ። አባቱ በአምባሰል ተራራ ግርጌ የሚኖሩ ንብ አናቢ ናቸው። እሱ የአባቱን ማር በፕላስቲክ ዕቃ እያሸገ ሐይቅና ደሴ ያቀርባል። በእጁ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ይዟል። በማሩ ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ነው፤ ወደ ማተሚያ ቤት ከመውሰዱ በፊት ሊያሳየኝ ፈልጓል።

«ሸኽ፣ እዚህ ላይ ‹ታላቅ ዓሊም የቀሩበት፣ ለማንኛውም በሽታ ፍቱን› ልል ነው። ስምዎን አልጠራም። አንድ ጊዜ ፋቲሓ ቢቀሩበት ይበቃኛል» አለኝ።

«ልጄ፣ ዱዓ አደርግልሃለሁ። ዱዓዬን ግን በኪሎ አትሽጥብኝ» አልኩት።

ፊቱ ቅጭም አለ። «ጎረቤቴ ‹ከ72 ዓይነት አበባ የተቀሰመ› ብሎ ለጥፎ ማሩን ጨረሰ። እኔ ‹ማር› ብቻ ብዬ ብጽፍ ማን ዞር ብሎ ያየኛል?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ወረቀቱን ወደ ታች አነበብኩት። መጨረሻው ላይ «አምባሰል ማለት የማር አምባ ማለት ነው» ይላል። «ይህንንስ ከማን አገኘኸው?» ስለው፣ ሳያመነታ «ከእርስዎ፤ በኹጥባ ተናግረውታል» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ተናግሬዋለሁ። «ዐሰል» በዐረብኛ ማር ነው። «አምባ» እና «ዐሰል» ተጋጥመው አምባሰልን ሰጡ የሚለውን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ደረሳ ሆኜ ዐረብኛ ስማር ደግሞ ይበልጥ ጣመኝ። ስለ ንብ በማስተምርበት ቀን ሚንበር ላይ ወጥቼ፣ «ይባላል» የምትለውን ቃል ጥዬ፣ እንደ ተረጋገጠ ነገር ነገርኩት። ያ ወጣት ሰነዱን ቢጠይቀኝ ከአባቶች መስማቴን እንጂ ሌላ የማቀርበው የለኝም። ሰነድ የሌለውን ነገር ከሱ በፊት የለጠፍኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የልጁን ጥያቄ በቅንነት እንመልስ። ስለ ዕቃው የሚናገር ሻጭ ሁሉ አታላይ አይደለም። ታሪኩ የማይታወቅ ዕቃ ይረክሳል። ይህን ለመረዳት ሱረቱ ዩሱፍን ማስታወስ ይበቃል። አላህ በዚያ ምዕራፍ መግቢያ ላይ ከታሪኮች ሁሉ መልካሙን እንደሚተርክ ይነግረናል። በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ግን እጅግ የረከሰ ሽያጭ አለ። ከጉድጓድ የወጣው ልጅ በጥቂት በሚቆጠር ዲርሃም ተሸጠ። የያዙት ሰዎች ማን መሆኑን አላወቁም፤ ግድም አልሰጣቸውም። የነቢይ ልጅ፣ ራሱም ነቢይ የሚሆን፣ ግብፅን ከረሃብ የሚያተርፍ ሰው ነበር። ታሪኩን ስላላወቁ ዋጋውን አላወቁም።

ቁርኣን ያንን ዋጋ «በኽስ» ብሎ ይጠራዋል፤ የጎደለ፣ የረከሰ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው ቃል በነቢዩ ሹዐይብ ታሪክም ይመጣል። የመድየን ሰዎች ስፍርና ሚዛን እንዲሞሉ ሲታዘዙ፣ የሰዎችን ንብረትም እንዳያጎድሉ ተከልክለዋል። ይህን አንቀጽ ብዙ ጊዜ ሚዛን ለሚሰርቅ ሻጭ ብቻ እናነበዋለን። ገዢንም ይመለከታል። የሰውን ዕቃ በሐሰት ማጣጣልም በኽስ ነው።

ከአምባሰል ዳገት ማር ተሸክሞ የሚወርደውን ገበሬ አስቡት። ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ደላላ ይቀበለዋል። «ማርህ ጠቁሯል፤ ሰፈፍ በዝቶበታል፤ ዛሬ ገበያው ሞቷል» ይለዋል። ገበሬው ልቡ ተሰብሮ በተባለው ዋጋ ይሰጣል። ያው ማር በማግስቱ ደሴ ሲደርስ «ንጹሕ የአምባሰል ማር» ይሆናል። ጠዋት የተነገረው ማጣጣያ ታሪክ ነው፤ በማግስቱ የተነገረው ማሞገሻም ታሪክ ነው። ሁለቱም የተነገሩት ለአንድ ሰው ጥቅም ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነጋዴዎች ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ወጥቶ መግዛትን የከለከሉት በከንቱ አይደለም። የገበያውን ዋጋ የማያውቅ ሰው የዕቃውን ዋጋ አያውቅም።

ስለዚህ ገበሬው ታሪኩን ራሱ ይናገር እላለሁ። የመን ሐድረመውት ውስጥ የሚገኘው የዶዐን ሸለቆ ማር በዓለም ከታወቁት ውድ ማሮች አንዱ ነው። የሚሸጠው በሸለቆው ስምና ንቦቹ በሚቀስሙት የሲድር ዛፍ ስም ነው። ሲድር ሩቅ አገር ያለ ተአምር እንዳይመስላችሁ፤ እኛ ቁርቁራ የምንለው ዛፍ ነው። እዚያ ዛፉ ስም አለው፤ እዚህ ፍየል ይበላዋል፤ አጥር ይሆናል።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ጠየቀ። እዚያ ያሉ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ክርክሩ ስታርባክስ የተባለውን ግዙፍ ኩባንያ ጨምሮ ብዙ ካነጋገረ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ኩባንያው ከመንግሥት ጋር ተስማማ። ቡናው በኩባንያው እጅ ነበረ፤ ያነጋገረው ስሙ ነው። ይርጋጨፌ የሚለው ስም አንድን መሬትና የሰዎቹን ልፋት የሚናገር ታሪክ ስለሆነ ገንዘብ ያወጣል።

ስለ ቡና ሌላም ታሪክ አለ፤ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲዘሉ ያየው እረኛ ታሪክ። በዓለም ላይ ስንት ስኒ ቡና ሸጧል! ነገር ግን በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተመው ማሮናዊው ሊቅ ናይሮን ሲጽፈው ካልዲ የሚለው ስም አልነበረበትም፤ ስሙ ኋላ የመጣ ነው። እንደ ተረት መተረኩ አያስከፋም፤ እንደ ማስረጃ ሲቀርብ ግን ሰነዱ ይጠየቃል። ይርጋጨፌን ሄዶ ማየት ይቻላል። ካልዲን የት ሄደን እንጠይቀው?

ሰነድ ስል የመንግሥት ወረቀት ማለቴ አይደለም። የሐዲስ ተማሪ ገና ሲጀምር የሚማረው፣ ወሬ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳየው ሰንሰለት ነው። ይህን ይህ ሰው ነገረኝ፤ እሱ ከእገሌ ሰማ፤ እገሌ ደግሞ በዐይኑ አየ። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ውሸታም ከሆነ፣ ወሬው ምንም ቢያምር አይወሰድም። ሊቃውንት ይህን ያህል የተጠነቀቁበት አንዱ ምክንያት የገበያ ውሸት ነው። በ597 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የባግዳዱ ዓሊም ኢብኑል ጀውዚ፣ የተፈበረኩ ሐዲሶችን በሰበሰቡበት ሥራቸው ሙሐመድ ቢን ሐጃጅ የሚባል ሰው ይጠቅሳሉ። ሰውየው ሀሪሳ፣ ማለትም ስንዴና ሥጋ አብሮ ተቀቅሎ የሚሠራ ምግብ ነጋዴ ነበር። ሀሪሳን የሚያወድስ ሐዲስ ፈጠረ! ገበያው እንዲደራለት በነቢዩ ላይ ዋሸ።

ዛሬ እኛስ? በረመዳን ገበያችን ተምሩ ሁሉ ዐጅዋ ይሆናል። ዐጅዋ የመዲና ተምር ነው፤ ትክክለኛ ሐዲስም መጥቶበታል። ሐዲሱ ትክክል መሆኑ ግን በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ተምር ዐጅዋ አያደርገውም። የአፋርን ተምር የአፋር ብለን ብንሸጠው ምን ያሳፍረናል? ጥቁር አዝሙዱም፣ ዘይቱም፣ ማሩም እንዲሁ ነው። «ነቢዩ የመከሩት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሁሉ የነቢዩ ምክር አይደለም። እንዲህ የሚሸጥ ሰው ከማሩ ጋር የሚያቀርበው የራሱን ሳይሆን የዲኑን አደራ ነው።

ውሸት በአፍ ብቻ አይነገርም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጡቱ የሞላ እንዲመስል ለቀናት ሳይታለብ የቆየን እንስሳ መሸጥ ከልክለዋል። ሻጩ አንድ ቃል አልተናገረም፤ የላሚቱ ጡት ዋሸለት። ገዢው ካለባት በኋላ መመለስ እንዲችል ተፈቅዶለታል። ፉቀሃዎችም በገለጻ የተሸጠ ዕቃ ገለጻው ካልተገኘበት ገዢው የመመለስ ምርጫ እንዳለው ያስተምራሉ። ገለጻው የዕቃው አካል ነው ማለት ነው። በታሪኩ ምክንያት ተጨማሪ ብር ከተቀበልክ ታሪኩንም ሸጠሃል፤ የሌለ ታሪክ ከሸጥክ ደግሞ በሚዛን ላይ ድንጋይ እንደጨመርክ ቁጠረው።

የአንድ ቃል ልዩነት ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ ለእኛ ለአምባሰል ሰዎች ሊነገረን አይገባም። ከሐይቅ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን ስንጓዝ የምናገኛት ውጫሌ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣልያንኛው ግዴታ ነበረ። መጨረሻው ዐድዋ ሆነ።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። «አባትህን ይዘህልኝ ና» አልኩት። በማግስቱ መጡ። ሰውየው ስለ ማራቸው ሲጠየቁ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ሲጀምሩ ግን አላቆሙም። ስንቱ ቀፎ ከአባታቸው የወረሱት እንደሆነ፣ ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባ ተራራውን ሲያለብሰው ንቦቹ እንዴት እንደሚጣደፉ፣ ኅዳር ላይ ማር ሲቆርጡ ለንቦቹ ምን ያህል እንደሚተዉላቸው ነገሩን። አላህ በሱረቱ ነሕል ንብን በተራራ፣ በዛፍና ሰዎች በሚሠሩት ላይ ቤት እንድትሠራ እንዳመላከታት አስታወስኩ። ሦስቱንም በአንድ ገበሬ ጓሮ ያየሁ መሰለኝ።

ቀጥለው «አበባ ሲጠፋ ግን ንቦቹ እንዳይሞቱብኝ ስኳር በጥብጬ እሰጣቸዋለሁ» አሉ። ልጁ ደነገጠ፤ «አባባ፣ ይህን አይናገሩ!» አለ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ተነጋገርን። የማር ወቅት ሳይደርስ ስኳሩን የሚያቆሙ መሆናቸውን ጠይቄ አረጋገጥኩ። በችግር ጊዜ ንብን መመገብ ነውር አይደለም፤ ከሚሸጠው ማር ውስጥ ስኳር መግባቱ ነው ነውሩ። «ወረቀቱ ላይ ሁሉንም መጻፍ አይጠበቅብህም፤ ገዢ ከጠየቀህ ግን አባትህ እንደነገሩን ንገረው» አልኩት። ሻጭና ገዢ እውነት ከተነጋገሩና ካልተደባበቁ ሽያጫቸው በረካ እንደሚሆንላቸው፣ ከዋሹና ከሸሸጉ ግን በረካው እንደሚነሳ ነቢያችን አስተምረዋል። መሐላም እንዲሁ ነው፤ «ወላሂ» ዕቃን ያሻሽጣል፣ በረካን ያጠፋል።

በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ የማሩ ቦታ፣ የተቆረጠበት ወር፣ የአባቱ ስምና የንቦቹ አበባ ተጻፈ። ከሥር «አምባሰል የማር አምባ ማለት ነው ይባላል» የሚል ሰፈረ። «ይባላል» የምትለውን ቃል ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ የራሴን ዕዳ መክፈሌ ነበር። በቀጣዩ ጁሙዓም ሚንበር ላይ አርሜዋለሁ።

ማሩ እንደ ጎረቤቱ ቶሎ አላለቀም። ይህን ስጽፍ ገና ያልተሸጠ አለው። አንዳንዱ ገዢ ወረቀቱን አንብቦ «ፈውስ አይልም እንዴ?» እያለ ያልፋል። እንግዲህ ሸክሙ በሻጩ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። ውሸትን ከእውነት አስበልጠን የምንገዛ እኛ ነን ሻጩን የምናስተምረው። በዚህ ወር ለማፍጠሪያ ስትገዙ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ከየት ነው? ማን ቆረጠው? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። እውነተኛ ታሪክ ላለው ደግሞ ተገቢውን ዋጋ ስጡ፤ እውነቱን እየሰማችሁ በወሬ አታርክሱበት። የገበሬ ማኅበራትም የአባሎቻቸውን ማርና ፍራፍሬ ቦታና ወቅት እየመዘገቡ፣ ገበሬው ስሙን ይዞ ገበያ የሚወጣበትን መንገድ ያብጁለት። እኛ ዑለማዎች ደግሞ ስማችንንና ዱዓችንን ለማስታወቂያ አናከራይ፤ ሚንበር ላይ የምንናገረው ነገ በዕቃ ላይ እንደሚለጠፍ አንርሳ።

የሐሰት ንግግርንና በሱ መሥራትን ያልተወ ሰው ምግብና መጠጡን መተዉን አላህ እንደማይፈልገው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። ከጎህ እስከ ጀንበር መጥለቂያ ተርቦ በሚዛን አጠገብ ተቀምጦ የሚዋሽ ሰው፣ ምን ያተርፋል?

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፣ በገበያችን ላይ በረካ ያውርድልን። ረመዳን ሙባረክ።