በጂዛን ምድር ጥንቸል ለምትመግቡ ሁሉ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በጂዛን ከተማ፣ በሰብያ፣ በአቡ ዓሪሽ፣ በሳምጣ፣ በአሐድ አል-መሳሪሓ፣ እንዲሁም እስከ ጡዋል ድንበር ድረስ ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን እኅቶቼና ወንድሞቼ።

የምጽፍላችሁ ስለ ጥንቸል ነው። ስንት የሚያንገበግብ ጉዳይ እያለ ጥንቸል ምን ቁም ነገር ሆና የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ቁም ነገር ናት እላለሁ። ጥንቸሏን የሚገዛት የቤቱ አባወራ ይሆናል፣ የሚጫወቱባትም ልጆቹ፤ ጠዋትና ማታ ምግቧን የምታቀርበው ግን የእኛ እኅት ናት። በእርሻ ቦታም ከፍየሉና ከዶሮው ጋር የጥንቸሉ ጎጆ ለእኛ ወንድም ይታከልበታል። የሞተች ቀን ደግሞ “ምን አብልተሃት ነው?” የሚባለው ያው መጋቢው ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ጥንቸል ሕመሟን የማትናገር እንስሳ ናት፤ ሆዷ እየታመመ ጥግ ይዛ ዝም ትላለች። በደንብ ከተያዘች 8 ዓመትና ከዚያም በላይ የምትኖር ፍጥረት በጥቂት ወራት የምትሞተው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን ከወጥ ቤት በሚመጣ ደግነት ነው።

ዋናውን ላስቀድም፦ ጥንቸል የምትኖረው በሣር ነው። በልጆች መጽሐፍ ላይ ካሮት ይዛ ብትሣልም ካሮት ስኳር የበዛበት ስለሆነ በሳምንት አንድ ሁለቴ የሚቀመስ ነገር ነው። ሌት ተቀን ከፊቷ መጥፋት የሌለበት ድርቆሽ ነው፤ በቀን ቢያንስ የራሷን ገላ የሚያህል ክምር።

ምክንያቱ ጥርሷና ሆዷ ነው። ጥንቸል 28 ጥርስ አላት፤ ሁሉም ዕድሜ ልኳን ያድጋሉ። የፊተኞቹ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ፤ የሚሞርዳቸውም ሣር ማኘክ ነው። ለስላሳ ምግብ ብቻ የለመደች ጥንቸል መንጋጋዋ ሾሎ ምላሷንና ጉንጯን ይወጋታል። ያኔ ወደ ምግቡ ትሄድና ሳትበላ ትመለሳለች፤ አገጯም በለሃጭ ይርሳል።

ሆዷን በተመለከተ፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር እንደሚቆጥራት ክርስቲያኖቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ ከማይበሉት ተመደበች። በእርግጥም ጥንቸል እንደ ላም ከጨጓራዋ መልሳ ባታኝክም ምግቧን ሁለት ጊዜ ትበላዋለች። የበላችው ሣር ከጨጓራዋ በሚበልጥ የአንጀት ከረጢት ውስጥ ይብላላል፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ለስላሳ፣ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ሲወጣ ከሥሯ ተቀብላ ትውጠዋለች። ቆሻሻ በላች ብላችሁ አትከልክሏት፤ ቫይታሚንና ፕሮቲን የምታገኝበት ነው። ይልቅ ያ ለስላሳው ሳይበላ ወለል ላይ ወይም ቂጧ ላይ ተጣብቆ ካያችሁት የምትሰጧት ምግብ ከልክ በላይ ጣፋጭ ወይም የሚያደልብ ሆኗል ማለት ነው። በጂዛን ሙቀት ዝንብ እዚያ ላይ እንቁላሏን ከጣለች በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይፈለፈላል፤ ስለዚህ በየቀኑ ከሥሯ ማየት ያስፈልጋል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ ወደ በርሲም (አልፋልፋ)። በየመኖ ሱቁ በቀላሉ የሚገኘው እሱ ነው፤ ጥንቸልም ትወደዋለች። ዕድሜዋ ከ6 ወር በታች ለሆነች፣ ላረገዘችና ለምታጠባ ጥሩ ምግብ ነው። ለጎልማሳዋ ግን ዋና ምግብ መሆን የለበትም። በርሲም ካልሲየም የበዛበት ነው። የጥንቸል አንጀት ደግሞ ያገኘውን ካልሲየም አብዝቶ ይመጥጥና ትርፉን በሽንት ያስወጣል። ሲበዛ ፊኛዋ ውስጥ እንደ ኖራ ይዘቅጣል፤ ሽንቷ ወፍሮ ነጭ ሊጥ ይመስላል፤ ስትሸና ትቸገራለች። ስለዚህ ጎልማሳዋን ወደ ሮደስ ሣር ድርቆሽ አዙሯት። አገር ቤት በከብት እርባታ የሠራ ሰው ሮደስን ያውቀዋል፤ በሳዑዲ የመኖ ገበያም “ሮድስ” እየተባለ ይሸጣል። በቤት እንስሳት ሱቅ የሚገኘው የቲሞቲ ሣር ድርቆሽም ደግ ነው፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። ለውጡን በአንድ ጀንበር አታድርጉት፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት እያቀላቀላችሁ በርሲሙን ቀንሱ።

የባሕሩ ዳር እርጥበት ድርቆሽን ቶሎ ያሻግታል። ከመስጠታችሁ በፊት በእጃችሁ በትኑትና አሽትቱት፤ ጥሩው ድርቆሽ የሣር ሽታ አለው። የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም ሲነካ የሚቦን ከሆነ ጣሉት። በበጋው ጉብራ የሚባለው የአቧራ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ሸፍኑት፤ አየር በማያሳልፍ ላስቲክ አፍኖ ማሰር ግን መልሶ ሻጋታ ያመጣል።

በፈይፋና በዳየር ተራሮች ያላችሁ የተሻለ ዕድል አላችሁ። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ዝናብም ስላለ በእርከኑ ዳር ትኩስ ሣር ይታጨዳል። ፀረ ተባይ ከተረጨበት እርሻና ከመኪና መንገድ ዳር ግን አትጨዱ። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣውን፣ እኛ ቅምቦ ወይም ጦቢያው፣ የጂዛን ሰዎች ዑሸር የሚሉትን ሰፊ ቅጠል አታስጠጉባት፤ መርዝ ነው። በየአደባባዩ ለጌጥ የሚተከለው ባለ ሮዝ አበባው ድፍላም እንደዚያው ነው። የወሎና የራያ ገበሬ በድርቅ የቀጨጨ ለጋ ማሽላ ከብት እንደሚገድል ከአባቱ ሰምቷል፤ ጂዛንም የማሽላ አገር ናትና ለጋውን ማሽላ ለጥንቸል አትስጡ።

ከድርቆሹ ጎን በቀን አንድ እፍኝ ትኩስ ቅጠል ይበቃታል፦ ጀርጂር፣ ኩዝበራ፣ ናዕናዕ፣ ሸበት፣ እንዲሁም የጂዛን ሰው በየግቢው የሚተክለው ራይሓን፣ ማለትም በሶብላ። በቅዱነስና ቆስጣ አልፎ አልፎ ብቻ ይሁኑ። አዲስ ቅጠል ስታስለምዱ አንድ አንዱን በጥቂቱ ጀምሩ፤ ሁሉንም አጥባችሁ ስጡ። የጂዛን ማንጎ መቼም የታወቀ ነው፤ ለእሷ ግን የጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ በሳምንት አንድ ሁለቴ በቂዋ ናት።

ኹብዝ፣ የከብሳ ትራፊ ሩዝ፣ ብስኩት፣ ቸኮሌት፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና አቮካዶ ፈጽሞ አይሰጧትም። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም፤ የማይስማማት ነገር አንዴ ከገባ መውጫው ሩቅ ነው። የዶሮ መኖም አትስጧት፤ አንዳንዱ ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒት ጥንቸልን ይገድላል። ለጥንቸል ተብሎ የተሠራውን ፍሬ መኖ ብትገዙ እንኳ ለአንድ ኪሎ ክብደቷ በቀን ከ25 ግራም አይለፍ።

ውኃ ከምግብ እኩል ነው። 2 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፤ በሙቀት ደግሞ ይጨምራል። ከጡጦ ይልቅ በማይገለበጥ ከባድ ሳህን ስጧት። ሙቀቷን የምታስወጣው በአብዛኛው በጆሮዋ ስለሆነ ከ30 ዲግሪ በላይ ያስጨንቃታል፤ በጂዛን በጋ ሌሊቱም አይበርድም። ጣሪያ ላይ ወይም በቆርቆሮ ጎጆ አትተዉአት። ውኃ ሞልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አኑሩላት።

ጤናዋን በጠዋት የምታነቡት ከበጠጧ ነው። የጤነኛዋ ክብ፣ ደረቅና ፈካ ያለ ቡናማ ነው፤ በጣት ሲፈረክ ውስጡ የሣር ጭረት ይታያል። ካነሰ፣ ከጠቆረ ወይም በፀጉር ተያይዞ ከወጣ ድርቆሽ አንሷታል። ለ12 ሰዓት ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች አንጀቷ ቆሟልና ነገ ይሻላታል አትበሉ። ለቤቱ ባለቤት ወዲያው እንዲህ በሏቸው፦ “አል-አርነብ ማ አከል ሸይ፣ ላዚም ዱክቶር በይጠሪ።” ጥንቸሏ ምንም አልበላችም፣ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋል ማለት ነው። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን በአፏ እንዳትሰጧት፤ አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን አጥፍቶ ይገድላታል።

በምትሠሩበት ቤት ጥንቸሏን የሚመግቡት ልጆቹ ከሆኑ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ዛሬውኑ አሳዩአቸው። ማንበብ የማይችሉ ጓደኞች ካሏችሁም ይህን ደብዳቤ አንብቡላቸው።