የማስረዳት ሸክሙ ፋይሉን በያዘው ላይ ይሁን

ሰቆጣ ላይ ደመወዝ የሚከፍለው ጥቂት ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የእርዳታ ድርጅት፣ ባንክ፣ ኮንትራክተር። ከአንዱ የተባረረ ሠራተኛ ነገ ሥራ የሚጠይቀው ከሌላው ነው፤ አለቆቹ ደግሞ ይተዋወቃሉ። በእንዲህ ያለ ከተማ «ቅሬታ ስላቀረብኩ ተባረርኩ» ብሎ መክሰስ ድፍረት ይጠይቃል። የደፈረውም ችሎት ፊት «ማስረጃህን አቅርብ» ሲባል እጁ ባዶ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 በአሠሪው ላይ ቅሬታ ያቀረበን ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ማሰናበትን ይከለክላል። የማኅበር አባልነት፣ ፆታ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ እርግዝናም የስንብት ምክንያት አይሆኑም። ግን የትኛው አለቃ ነው «እርጉዝ ስለሆነች» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ? የሚጻፈው «የአፈጻጸም ማነስ»፣ «የበጀት እጥረት»፣ «ኮንትራቱ አልቋል» ነው። የምዘና ውጤቱም ቃለ ጉባኤውም ከአሠሪው መሳቢያ ውስጥ ነው። ምስክር የሚሆነው ባልደረባም የሚያሳድገው ልጅ፣ የሚከፍለው የቤት ኪራይ አለበት።

መፍትሔው ከራሳችን ሕግ ውስጥ አለ። በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ ሲከስ የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አድልዎ አለመኖሩን የሚያስረዳው ተከሳሹ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158ም ስንብቱ ተገቢ አለመሆኑን የማስረዳቱ ሸክም በሠራተኛው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ይደነግጋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአዋጅ 568ን መርሕ አድልዎና በቀል ለደረሰበት ሠራተኛ ሁሉ ያስፋ እንላለን፤ በሌላ ሕግ የሚተዳደሩትን የመንግሥት ሠራተኞችም ይጨምር። በቅንነት የሠራ አሠሪ ፋይሉን ከፍቶ ማሳየት አይከብደውም።

እስከዚያው ዳኞች ቀኖቹን ይመልከቱ። ደብዳቤው የወጣው ቅሬታው በገባ በስንተኛው ቀን ነው? የዓምናው ምዘና ምን ይላል? ያንኑ ጥፋት የፈጸመ ሌላ ሠራተኛስ ምን ተደረገ? አሠሪው ሰነዱን እንዲያቀርብም ይዘዙ።

ለሠራተኛውም አንድ ነገር እንንገረው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልገባ በይርጋ ይቀራል። ከደሃና ወይም ከጋዝጊብላ ወረዳ የመጣ ሠራተኛ «ሽማግሌ ይግባበት» እየተባለ ሲጠብቅ ጊዜው ያልፍበታል። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ክሱን አስቀድሞ ያስገባ። ሽምግልናው ከዚያ በኋላም ይደርሳል።