ደመወዙን ሳትይዙ አታስፈርሙ

የወልቂጤና የቡታጅራ ሽማግሌዎች፣ እኩዮቼ፣ ስሙኝ። ለመስቀል ስትሰባሰቡ ወሬው ስለ ኳስ መሆኑ አይቀርም። አሰልጣኙን አስቀምጣችሁ «ዘንድሮስ ስንተኛ እንወጣለን?» ትሉታላችሁ። በእናንተ ፊት ምን ይበል? «ጥሩ ዝግጅት ላይ ነን» ይላል። እኔ ግን አስጠነቅቃችኋለሁ፤ መጀመሪያ የስንት ወር ደመወዝ በእጃችሁ እንዳለ ተጠያየቁ።

«ሠራተኞቹ» የምንላቸው ወልቂጤዎች የደረሰባቸውን አትርሱ። ወልቂጤ ከተማ በ2011 ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪምየር ሊግ ሲያድግ ያልተደሰተ ማን ነበር? የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ጨዋታው በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ያዘ። ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደነበር አስቡት። ክለቡ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ እየከረመ የሆቴል ይከፍል ነበር፤ በገዛ ሜዳው ስለማይጫወት የመግቢያ ገቢ አልነበረውም፤ ሕዝቡም የሚያየው በዲኤስቲቪ ነበር። ሸክሙ በከተማው በጀት ላይ ወደቀ። ደመወዝ ሲዘገይ ተጫዋቾቹ ልምምድ አቆሙ። ያኔ ብዙዎቻችን ጣታችንን የቀሰርነው አሰልጣኙ ላይ ነበር፤ ካዝናውን ግን የጠየቀ አልነበረም። በመጨረሻ ክለቡ የክለብ ፈቃድ መስፈርቱን ሳያሟላ ቀርቶ ከ2017ቱ ፕሪምየር ሊግ ውጪ ሆነ። ሜዳ ላይ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ ይቀለን ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቡታጅራዎች፣ እናንተም ከፍተኛ ሊግን ታውቁታላችሁ፤ ወደ ላይ ለመውጣትም ትመኛላችሁ። ምኞታችሁን አልነቅፍም። የምፈራው ስታስፈርሙ ቃል የምትገቡትን ደመወዝ ነው። በ2011 ክረምት ክለቦች የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር፤ ስምምነቱ ግን አልጸናም። ዛሬ ከሀብታም ክለብ ጋር ተፎካክሮ ያስፈረመ ሁሉ ግንቦት ላይ የሚከፍለው ያጣል። የሰው ልጅ ከቤቱ ርቆ ያለ ደመወዝ ሲንከራተት ነውሩ የእኛ የሽማግሌዎቹ ነው።

አባቶቻችን በ1950ዎቹ መንገድ ለማስወጣት ሲነሱ መጀመሪያ ገንዘቡን ከየነጋዴው፣ ከየገበሬው አሰባስበው ነበር። እኛ ግን በመስቀል ድግስ፣ በጭብጨባ መሀል ቃል እንገባለን፤ በዓሉ ሲያልፍ ነጋዴው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ አሰልጣኙ ቃሉን ይዞ ይቀራል።

አደራ፣ ዘንድሮ ቃል የገባችሁትን ልጆቹ ከመፈረማቸው በፊት በክለቡ ሒሳብ አስገቡ። ካልሞላላችሁ አሰልጣኙን ጥሩና «ያለን ይህን ያህል ነው፤ በአካባቢያችን ልጆች ተጫወት፤ ብትሸነፍ አናባርርህም» በሉት። ይህን ስትሉት የክለቡ ኃላፊዎችም ተቀምጠው ይስሙ።